ዳሽቦርዱ ላይ የበራው የሰስፔንሽን መብራት ምን እያለን ነው?

ባለፈው ዓመት ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ እየወጣን ነበር። አራት ሰው፣ የአራት ሰው ዕቃ፣ ከላይ ድንኳን። መኪናዋ ኤር ሰስፔንሽን ናት፤ በተን ሲጫኑ ከፍ ዝቅ የምትለዋ ዓይነት። ለእረፍት ከውጭ የመጣው የአጎቴ ልጅ ይቺን ነገር ወደዳት። ፎቶ ለማንሳት በቆምን ቁጥር ከፍ ያደርጋታል፣ ዝቅ ያደርጋታል፣ ደግሞ ከፍ። አምባው ላይ ስንወጣ ዳሽቦርዱ ጢን አለና ቢጫ መብራት በራ፤ አጠገቡ ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉን ያነበበ የለም። አንዱ «ሾኩ ሄደ» አለ። ሌላው «ጎማ ነው» ብሎ በሩን ከፈተ። እኔ ደግሞ እስከ ሮቤ እንዴት እንደምንመለስ ማስላት ጀመርኩ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

ጽሑፉን ረጋ ብለን ያነበብነው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ሰስፔንሽኑ እየቀዘቀዘ ነው፣ ጠብቁ ነው የሚለው። በቃ። የተሰበረ ነገር የለም። አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ስናመላልሰው ውለን ስለጋለ ራሱን አሳርፎ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ቀይ ቀበሮ በዓይናችን ስንፈልግ መብራቱ ጠፋ፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ከዚያ ወዲህ ይህን መብራት ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝ ዘመድና ጓደኛ በዝቷል። ሁሉም የሚጠይቀው «የቱ ዕቃ ነው የተበላሸው?» ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከፊት ላስቀምጥ፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ይመዘዛል። መብራቱ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ ያየውን ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ይህን ልዩነት ስላልያዝን ነው ደህና ዕቃ አውጥተን ጥለን አዲስ የምንገዛው።

አየሩ እንዴት መኪና ይሸከማል?

ተራ መኪና ላይ ሸክሙን የሚይዘው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። ብረት ነው። ሲሰበር ወይ ይጮኻል ወይ መኪናዋ ታጋድላለች፣ ያኔ ታውቃላችሁ። ኤር ሰስፔንሽን ላይ ግን በሞላው ቦታ አየር የተሞላ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አለ፣ በየጎማው አንድ። ሬንጅ ሮቨር ይህን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞ መጥቷል። ዛሬ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ፣ ትልልቆቹ መርሰዲሶች፣ አዲሱ ዲፌንደርም አላቸው።

ምሳሌዬን በላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 3 ላይ አደርጋለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ ኤልአር3 በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በነገራችን ላይ ዲስከቨሪ 3 ሁሉ ኤር ሰስፔንሽን አይደለም፣ በተራ ሞላ የተሠራም አለ። ከማርሹ አጠገብ የመኪና ሥዕልና ወደ ላይ፣ ወደ ታች የሚያመለክት በተን ካለ ኤር ነው።

ከሻንሲው በግራ በኩል፣ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ አንድ ኮምፕሬሰር አለ። አየር ከውጭ ይስባል። አየሩ እርጥበት በሚመጥጥ ነጭ ፍሬ ውስጥ አልፎ ይደርቅና ወደ ታንክ ይገባል። ከታንኩ በቀጭን ቱቦ ወደ ቫልቮቹ፣ ከቫልቮቹ ወደ አራቱ ከረጢቶች። በየጎማው ደግሞ ክንድ ያለው ትንሽ ሴንሰር አለ፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ክንዱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኮምፒውተሩ ዓይኑ እነዚህ አራት ሴንሰሮች ናቸው። በዚያ ላይ የግፊት መለኪያና የኮምፕሬሰሩን ሙቀት የሚያይ አለው። ከዚህ ውጭ ምንም አያይም። ከረጢት መሰንጠቁን አያይም። ቱቦ መላጡን አያይም። የሚያየው «ከፍ በል አልኩ፣ ጥግዋ ግን በተሰጣት ጊዜ ከፍ አላለችም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሁሉም መብራት ብልሽት አይደለም

ብዙ ሰው የሚደነግጠው መኪናዋ ሥራዋን ስትሠራ ነው። ዲስከቨሪ 3 ላይ ከፍ ማድረጊያውን ስትጫኑ ቀስቷ ትበራለች። መኪናዋ ከመደበኛው 55 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስትደርስ ቀስቷ ትጠፋለች። ለመውጫና መግቢያ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ከመደበኛው በ50 ሚሊሜትር ያህል ትወርዳለች። ስትነሳ መጀመሪያ የኋላው፣ ስትወርድ መጀመሪያ የፊቱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማታ የፊት መብራታችሁ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን እንዳይወጋ ታስቦ ነው። አንድ ወዳጄ «አፍንጫዋ ደፋ አለ» ብሎ መንገድ ዳር አቁሞ ደውሎልኝ ነበር። ደህና ነበረች።

ቀስቷ ብልጭ ድርግም ካለች ወይ እየጠበቀች ነው፣ ወይ ትእዛዛችሁን ልትሽር ነው። የተለመደው ምክንያት ፍጥነት ነው። ከፍ ብላችሁ ፒስታ ላይ እየሄዳችሁ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፋችሁ መኪናዋ ሳትጠይቃችሁ ወደ መደበኛው ትወርዳለች። ጥሩ አደረገች፤ ከፍ ያለ መኪና ጥምዝ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ሌላው የተለመደ ምክንያት በር ነው። አንድ በር ገርበብ ካለ ከፍታ መቀየሯን ታቆማለች። ዕቃ ስናወርድ የኋላ በር ከፍተን ትተን «አልወርድ አለች» ስንል እንገኛለን። በሩን ዝጉት።

አንድ ደግሞ የሚያስፈራ ግን ለእናንተ የቆመ ነገር አለ። ድንጋይ ላይ ሆዷ ተቀምጦ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ኮምፒውተሩ ይህን ያውቃል፤ ከተለመደው ከፍታ በላይ ራሱ ያነሳታል፣ ስክሪኑ ላይም ይጽፋል። ያኔ ጋዝ አትርገጡ፣ ጠብቁ። ካልበቃ ፍሬን ረግጣችሁ ከፍ ማድረጊያውን ከሦስት ሰከንድ በላይ ያዙት፣ ተጨማሪ ትሰጣችኋለች። አዲሱ ዲፌንደር ላይ ይህ ነገር አድጓል። በመጀመሪያ 75 ሚሊሜትር፣ ሲብስ ሌላ 70፣ ሲደመር 145። ይህን በተን ሳያውቁ ትራክተር የጠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለ ሙቀቱና ስለ ከፍታችን

ወደ ሳነቴ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ የኛን አገር በደንብ የሚነካ ነው። ኮምፕሬሰሩ ትንሽ ነገር ነው። ሞልቶ እንዲያርፍ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ አልተሠራም። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ያጠፋዋል፣ ሲበርድ ይመልሰዋል።

ኮምፕሬሰሩ የሚስበው ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል። 4,000 ሜትር አካባቢ፣ እንደ ሳነቴ ባለ ቦታ፣ የሚቀረው ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ያንኑ ከረጢት ለመሙላት ኮምፕሬሰሩ ብዙ ጊዜ መምታት አለበት። ብዙ ሲመታ ይግላል። በላዩ ላይ አራት ሰውና ድንኳን ጨምሩበት። ዱባይ ወይም ሮተርዳም ላይ ሳያማርር የሚሠራ ኮምፕሬሰር ደብረ ብርሃን ላይ ሊያለከልክ ይችላል፤ ዕድሜው የገፋ ከሆነማ ድካሙ ቀድሞ የሚታየው እዚህ ነው።

ልምድ አድርጉት። ደጋ ላይ ስትሆኑ ከፍታውን አንዴ ምረጡና ተዉት።

ቢጫና ቀይ

አሁን እውነተኛው ብልሽት። ዲስከቨሪ 3 ላይ ሁለት መልእክቶችን መለየት ከቻላችሁ አብዛኛውን አወቃችሁ።

ቢጫው መብራት ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ሰስፔንሽን ፎልት፣ ኖርማል ሃይት ኦንሊ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ነው። ትርጉሙ፦ የሆነ ነገር አልጣመኝም፣ ከእንግዲህ ከፍ ዝቅ አልልም፣ በመደበኛው ከፍታ ግን እወስዳችኋለሁ። መንዳት ትችላላችሁ። ቤት ትገባላችሁ፣ ጋራዥ ትደርሳላችሁ። ወንዝ ልሻገር፣ ገደል ልውጣ ካላችሁ ግን ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ከፍታው ሲያስፈልጋችሁ አይኖርም።

ቀዩ ሌላ ነው። «ማክስ ስፒድ 50» ይላል፣ ማይል የሚቆጥሩት ላይ 30። ይህን ስታዩ መኪናዋ ወይ ከሁሉ በታች ወርዳለች ወይ ከፍ እንዳለች ቀርታለች፣ ወይም ደግሞ ኮምፒውተሩ የት እንዳለች ጠፍቶበታል። ከወረደች የላስቲክ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። ኮሮኮንቹ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይገባል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ከፍ እንዳለች ከቀረች ጥምዝ ላይ አትታመንም። ሃምሳ የተባለው በምክንያት ነው። ቀይ አይታችሁ ከመተሐራ አዳማ በ100 እየነዳችሁ «ምንም አልሆነችም» አትበሉኝ። ዳር ያዙ፣ ውረዱና አራቱንም ጎማ በዓይናችሁ እዩ። የትኛው ጥግ ነው የተቀመጠው? ጎማው የሚነካው ነገር አለ? ካለ አትንዱ።

ሌሎቹም ይህንኑ ነው በራሳቸው ቋንቋ የሚሉት። መርሰዲስ በቀይ «ስቶፕ፣ ቪሂክል ቱ ሎው» ካለ ቁሙ ነው፣ መኪናዋ በጣም ዝቅ ብላለች። «ቪሂክል ራይዚንግ» ካለ ግን እየተነሳች ነው፣ ታገሷት። ሌላም መልእክት አለው፣ ብልሽት አለ ከ80 በላይ አትንዱ የሚል። ጂፕ ላይ «ሰርቪስ ኤር ሰስፔንሽን» ሲል ጋራዥ ውሰዱኝ ነው፣ «ባትሪ ሎው፣ ስታርት ኢንጂን» ሲል ግን ሰስፔንሽኑ ምንም አልሆነ፣ ሞተር አስነሱ ነው። ስለዚህ ከመብራቱ ይልቅ ጽሑፉን አንብቡ። ቶሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ተሳፋሪ ያንሳው፣ እናንተ መሪውን ያዙ።

እግረ መንገዴን፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለው ውስጡ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት የጎማ አየር እንጂ የሰስፔንሽን አይደለም። እሱን ጎሚስታ ይፈታዋል።

ዓይኑ ሲታመም

ኮምፒውተሩ በሴንሰር ነው የሚያየው ብያለሁ። ሴንሰሩ ከጎማው ጀርባ ነው ያለው። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ላቫጆ ላይ በኃይል የሚለቀቅ ውኃ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያገኘው። ትንሿ ክንድ ከመገጣጠሚያዋ ከወለቀች ኮምፒውተሩ ጎማው ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል፤ አየር ይሞላል ወይም ያስወጣል፣ ከዚያ ግራ ይገባውና መብራት ያበራል። መኪናዋ በድንገት በአንድ ጥግ አጉል ተነስታ ወይም ወርዳ፣ ያውም ከከባድ መንገድ በኋላ ከሆነ፣ ማንንም ሳትጠሩ ከጎማው ጀርባ በስልክ መብራት እዩ። ተንጠልጥላ ታገኟታላችሁ።

ባትሪውም እንዲሁ ያሳስታል። የደከመ ባትሪ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ይወድቃል፣ ያኔ ኮምፒውተሮቹ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነው ይነሱና የሌለ ብልሽት ይጽፋሉ። ዲስከቨሪ 3 በዚህ የታወቀ ነው። መኪናዋ ቆማ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተር ሲሠራ 14 አካባቢ መድረስ አለበት። ይህን የሚለካ ዕቃ ርካሽ ነው፣ የትኛውም ኤሌክትሪሺያን ጋ አለ።

ከፔዳሉ በላይ ያለች የፍሬን መብራት ስዊች ደግሞ አለች። የጣት ጫፍ ታክላለች። እሷ ስታጭበረብር ዳሽቦርዱ የገና ዛፍ ይሆናል፤ የቁልቁለት መቆጣጠሪያው፣ ካምቢዮው፣ ሰስፔንሽኑ ሁሉ አንዴ ይጮኻሉ። ኮምፒውተሮቹ መረጃ ስለሚጋሩ አንዱ የተዋሸውን ሌላው ያምናል። እንግዲህ ደንቤ ይህ ነው፦ ሰስፔንሽኑ ብቻውን ከበራ ሰስፔንሽኑን ተመልከቱ። ከሌሎች አምስት መብራቶች ጋር ከበራ መጀመሪያ ባትሪውንና ያቺን ስዊች አጣሩ።

ኮምፒውተር ምርመራ ስታስደርጉም አንድ ነገር እወቁ። ስልክ ላይ የምትሠራው ርካሿ የኦቢዲ (የመኪና ኮምፒውተር ኮድ) ማንበቢያ ብዙውን ጊዜ የምታነበው ሞተሩን ነው። የሰስፔንሽኑ ኮምፒውተር ውስጥ አትገባም። «ስካን አድርገነው ኮድ የለውም» ከተባላችሁ በምን እንዳነበቡት ጠይቁ። የመኪናዋን ዓይነት የሚያውቅ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ኮዱም ሲገኝ ፍርድ አይደለም። ዲስከቨሪ 3 ላይ በጣም የተለመደው ሲ1ኤ20 የሚባለው ነው። የሚለው «ታንኩ ሲሞላ ግፊቱ የጨመረው በጣም ቀስ ብሎ ነው» ነው። ለዚህ ኮምፕሬሰሩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የአየር መሳቢያው ማጣሪያ በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ነጩ ማድረቂያ ፍሬ ደቅቆ ዱቄት ሆኖ ቫልቮቹን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። አየሩ የሆነ ቦታ እየሾለከም ሊሆን ይችላል። ኮዱ አንድ ነው፣ ምክንያቱ አራት።

ሜትርና ፕላስተር

ይህን የተማርነው በወንድሜ መኪና ነው። ጠዋት ጠዋት ዝቅ ብላ ታድር ጀመር። ቢጫ በራ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት፣ ኮዱን አነበቡና «ኮምፕሬሰር» አሉት። ገዛ፣ ተገጠመ፣ መብራቱ ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀይ በራ፣ አዲሱ ኮምፕሬሰርም ተቃጠለ። ያን ቀን ወንድሜ እራት አልበላም።

ከዚያ ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት ሜካኒክ ሄድን። ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ የጠየቁት «ማታ ስንት ነበረች፣ ጠዋት ስንት ሆነች?» ብለው ነው። አልለካንም። «ጋሼ፣ ዝቅ ብላ ነው የምታድረው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዝቅ ማለት ቁጥር አይደለም» አሉኝ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናዋን ነድታችሁ አሙቋት፣ ሜዳ ላይ አቁሟት፣ በመደበኛው ከፍታ ተዋት። በየጎማው በላይ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ በሜትር ለኩና ፕላስተሩ ላይ ጻፉ። ከጎማው ሥር አይለካም፣ ምክንያቱም የጎማው አየር ያሳስታል። ጠዋት በር ሳትከፍቱ፣ ቁልፍ ሳትነኩ እንደገና ለኩ፤ አንዳንዷ መኪና በር ሲከፈት ትነቃና ራሷን ታስተካክላለች።

ሌሊቱ ሲበርድ አየር ስለሚሰበሰብ አራቱም ጥቂት ሚሊሜትር ቢወርዱ አትደንግጡ። እዚህ ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ፣ ብዙ ሜካኒክም የሚሳሳተው እዚህ ነው። እነዚህ መኪኖች ቆመውም በየተወሰነ ሰዓት ይነቃሉ። አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ካገኙት ሦስቱን ከሱ ጋር እኩል ያወርዷቸዋል፣ መኪናዋ ዘመም ብላ እንዳትታይ። ስለዚህ የሚሾልከው አንዱ ከረጢት ሆኖ ሳለ ጠዋት የምታዩት አራቱም ዝቅ ብለው ነው። ሌባውን ለመያዝ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ለአንድ ሌሊት ማውጣት ያስፈልጋል። ቁጥሩ በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ። ፊውዙ ከወጣ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ያድራል፣ የሚወርደው የሚሾልከው ብቻ ይሆናል።

የወንድሜ መኪና እንዲያ ስትደረግ ሦስቱ ጥጎች ንቅንቅ አላሉም፣ የፊት ግራው በ6 ሴንቲሜትር ወርዶ አደረ። ጋሼ መኪናዋን ከፍ አስደርገው ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጠበጡና በብሩሽ ከረጢቱን ቀቡት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከታች፣ ላስቲኩ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ደግሞ አበጠች። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። መኪናዋ ዝቅ ስትል እጥፉ ውስጥ ይደበቃል፣ ከፍ ስትል ብቻ ይገለጣል። «ኮምፕሬሰሩ አልታመመም ነበር» አሉ፣ «በሚያፈስ እንስራ ውኃ ሲቀዳ ውሎ ነው የሞተው።»

ይህ ነው እንግዲህ መብራቱ ሊነግረን የማይችለው። ኮምፒውተሩ የግፊት መዘግየት አየ፣ ሰው ኮምፕሬሰር አለ፣ ጥፋተኛው ስንጥቅ ሆነ። ኮምፕሬሰር ግዙ ስትባሉ «ከረጢቶቹና ቱቦዎቹ በሳሙና ታይተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዝም ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ።

በዘይት የሚሠሩት

እኛ አገር በብዛት የምናየው ላንድ ክሩዘርና ሌክሰስ ነው፣ የነሱ ነገር ይለያል። አንዳንድ ላንድ ክሩዘር 100ና ሌክሰስ ኤልኤክስ ኤኤችሲ የሚባል አላቸው። ከፍ ዝቅ የሚያደርጋቸው አየር ሳይሆን በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነው። ማለስለሻው ደግሞ ናይትሮጅን የታሸገባቸው ኳሶች ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦፍ» የሚል መብራት አለ። ቆሞ ከበራ ሰው አጥፍቶታል፣ በተኑን መልሱት። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ብልሽት ነው። ኤልኤክስ 570 ላይ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታልፉ ራሷ ወደ መደበኛው ትመለሳለች፣ ይህ ብልሽት አይደለም።

ኳሶቹ ሲሞቱ ብዙ ጊዜ መብራት አይበራም፣ መኪናዋ ብቻ እንደ ጋሪ ትደርቃለች። ከፍ ባለችና ዝቅ ባለች ጊዜ በዘይት መያዣው ላይ ያለውን ልዩነት እዩ። ልዩነቱ እየጠበበ ከመጣ ኳሶቹ እያለቁ ነው። ዘይቱን ስትጨምሩ ደግሞ የራሱን ብቻ። የፍሬን ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት «ያው ዘይት ነው» ተብሎ ሲጨመር አይቻለሁ፣ ውስጡን ይጨርሰዋል።

ኬዲኤስኤስ የሚለው መብራት ደግሞ የከፍታ አይደለም። ጥምዝ ላይ መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዙትን ባሮች በዘይት የሚቆጣጠር ነው። ሲበራና መኪናዋ ቆማም ወደ አንድ ጎን ዘመም ካለች ሞላ ቀይሩ ለሚላችሁ አትቸኩሉ፣ የዘይቱ ቫልቭ ታንቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምለውን እባካችሁ በቁም ነገር ያዙት። ከፍ ዝቅ የሚል መኪና ላይ ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት ሲስተሙን አጥፉ፣ ሞተሩንም አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ። ላቫጆ ላይ ማንሻ ላይ ስትወጣም እንዲሁ። መኪናዋ ጎማዋ ሲንጠለጠል «ከፍ ብያለሁ» ብላ ልትወርድ ትችላለች፣ ሁለት ቶን ተኩል ብረት ነው የሚወርደው። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማ የሚቀይረው ልጅ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ላያውቅ ይችላል፣ ንገሩት።

መብራቱን ስለማጥፋት

አየሩን አውጥቶ ተራ ሞላ ማስገባት አለ። እኔ አልቃወመውም። መለዋወጫ በሦስት ወር የሚደርስበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ፣ መኪናዋም አርጅታ ከሆነ፣ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ከፍ ዝቅ ማለቷን እንደምታጡ፣ ዕቃ ስትጭኑም ኋላዋ እንደሚቀመጥ አውቃችሁ ግቡበት። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተሩንም አብሮ ያስተካክለዋል።

የምቃወመው መብራቱን በጥቁር ፕላስተር መሸፈንን ነው፣ ወይም አምፖሉን ማውጣትን። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ጠምዝዙና ሞተር ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። ለአፍታ ሁሉም መብራት መብራት አለበት፣ ራሳቸውን እየፈተኑ ነው። የሰስፔንሽኑ ብቻ ሳይበራ ከቀረ አንድ ሰው ነካክቶታል። ከዚያ ሞተር አስነስታችሁ ከፍ አድርጓት፣ ዝቅ አድርጓት፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደባት ቁጠሩ። ሻጩ «እሱን ተወው፣ እኔም አልጠቀምበትም» ካለ ሜትራችሁን አውጡና ለኩ፤ ነገ ጠዋት ተመልሳችሁም እንደምትለኩ ንገሩት።

የወንድሜ መኪና አዲስ የፊት ግራ ከረጢትና ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ገባላት። የመጀመሪያዋን ሌሊት ፕላስተሩን ለጥፈን አደርን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በፒጃማ ወርዶ ለካ። ማታ 47 ሴንቲሜትር፣ ጠዋት 46 ነጥብ 8። ፎቶውን ላከልኝ፣ ከሥሩ የጻፈው ነገር አልነበረም።